«ልክ ነው» የሚለው ቁልፍ

ከሆስፒታል የተሰረቀው አንድ የብረት መሳቢያ ነው ሲሉኝ ተናደድኩ። ባንክ ሲዘረፍ፣ ሰው ሲገደል የሚጠሩት ሌላ ኢንስፔክተር አላቸው፤ ለመሳቢያ ሲሆን እኔ ትዝ እላቸዋለሁ።

«ውስጡ ምን ነበረበት?» አልኩት ተረኛውን በስልክ።

«መስታወት።»

«የመስኮት?»

«አይደለም ጌታዬ። ጣት የምታክል መስታወት። የበሽተኛ ሥጋ በስሱ ተቆርጦ ይለጠፍባታል አሉ።»

«አሉ አሉ እያልክ አታድርቀኝ» ብዬ ዘጋሁበትና ረዳቴን ሳጅኗን ይዤ ሄድኩ።

ላቦራቶሪው ሦስተኛ ፎቅ፣ የኮሪደሩ ጫፍ ላይ ነው። ጠባብ ክፍል ናት። አናቱ ላይ ካሜራ የተገጠመለት ማይክሮስኮፕ፣ አጠገቡ ትልቅ ስክሪን፣ ከኋላ የብረት ካቢኔ። የካቢኔው መሳቢያዎች በረድፍ ተደርድረዋል፤ የአንደኛው ቦታ እንደ ወለቀ ጥርስ ክፍት ነው። በሩ አልተሰበረም። መስኮቱ አልተነካም። ኮምፒውተሩም በቦታው አለ።

የክፍሉ ኃላፊ ፕሮፌሰሩ በሩ ላይ ቆመው ነበር። ሸበቶ፣ ረጅም፣ ጋዋናቸው የተተኮሰ። እጄን ዘረጋሁላቸው። አልጨበጡኝም። እጄ አየር ላይ ቀረ። ሳጅኗ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ እየሳቀችብኝ እንደሆነ አውቃለሁ። የተማረ ሰው ኩራት ብዬ በሆዴ ያዝኩባቸው።

«ፖሊስ ነን» ስል ግን ፊታቸው ፈታ አለና እጃቸውን ሰጡኝ። እኔ የናቀኝ ሰው ሲመስለኝ መታወቂያ አወጣለሁ፤ አመል ነው። ከቦርሳዬ መዝዤ አቀበልኳቸው። ጠጋ አድርገው አዩት።

«ልክ ነው፤ ግቡ» ብለው መለሱልኝ።

ስርቆቱን መጀመሪያ ያየው የኮምፒውተር ፕሮግራሙን የሠራው ወጣት ነው። ከመቅጠኑ የተነሳ የላቦራቶሪው ሰዎች ሁሉ እንደ ስክሪን ደቃቅ ነጥብ «ፒክስል» ነው የሚሉት፤ እሱም ለምዶታል።

«በል፣ እንደ ሕፃን አስረዳኝ» አልኩት።

«ማይክሮስኮፑ ሥጋውን ያጎላዋል፣ ካሜራው ፎቶ ያነሳዋል፣ የኔ ፕሮግራም ፎቶውን ይለካል። በአንድ ካሬ ሚሊሜትር ውስጥ ስንት ህዋስ እየተባዛ እንዳለ ይቆጥራል። ጥቂት ከሆነ ስክሪኑ አረንጓዴ ይሆናል፣ ብዙ ከሆነ ቀይ። ቀይ ማለት ክፉ ዕጢ፣ ካንሰር ነው። ፕሮፌሰሩ አይተው ይፈርማሉ።»

«እና ሌባ በዚህ ምን ያደርጋል?»

ፒክስል ወደ ፕሮፌሰሩ አየ። እሳቸው መለሱ።

«አንዲት ፀጉር ሠሪ አለች። ቀኝ እጇ አንጓ ላይ ዕጢ ወጥቶባታል። ውጤቷ ቀይ ነው። ነገ ጠዋት እጇ ይቆረጣል። ወንድሟ ሌላ ሆስፒታል ይታይልኝ አለ፣ ተፈቀደለት። መስታወቷ ዛሬ ጠዋት ሊላክ ነበር።»

«ካልተላከስ?»

«ሪፖርቱ አለ» አሉ ፕሮፌሰሩ። «ቀዳጅ ሐኪሙ በሪፖርቱ ይሠራል።»

ሳጅኗ ካቢኔው ፊት ቁጢጥ ብላ የቀሩትን መሳቢያዎች ትከፍታለች። «መስታወቶቹ ላይ ስም አለ?»

«ስምና ቁጥር አለ» አላት ፒክስል። «በደቃቅ ፊደል።»

«ታዲያ አንዷን የፈለገ ለምን መሳቢያውን በሞላ ተሸክሞ ሄደ?»

«የቤቱ ሰው ስላልሆነ ነዋ» አልኳት፣ በራሴ ተደስቼ። «የቤቱ ሰው ቢሆን አንዷን መርጦ ኪሱ ከቶ ይወጣ ነበር። ይሄ አደራደሩን የማያውቅ የውጭ ሰው ነው።»

ልክ ልኬን የሚነግረኝ ሰው በዚያ ሰዓት ባገኝ ጥሩ ነበር። ግን ማንም አልተቃወመኝም።

ቁልፍ ያላቸው ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ፕሮፌሰሩ፣ ፒክስልና የፕሮፌሰሩ ልጅ። እሷም እዚያው የምትሠራ ሐኪም ናት፣ አሁን ግን አራስ ናት። ፒክስል ማታ ሲወጣ ቆልፌያለሁ አለ። ሲናገር ጆሮው ቀላ።

«እኔ ከሥራ ወጥቼ በቀጥታ ቤቴ ነው የገባሁት» አሉ ፕሮፌሰሩ። «የልጅ ልጄን ታቅፌ ነው ያመሸሁት። ልጄን ጠይቋት።»

ኮሪደሩን ፈተሽን። ከላቦራቶሪው ቀጥሎ አንድ አሮጌ በር አለ። ሳጅኗ ከፍታ ማብሪያውን ቀጭ ቀጭ አደረገች፣ አልበራም።

«ድሮ ፊልም የሚታጠብበት ክፍል ነው» አለ ፒክስል። «አምፖሉ ከተቃጠለ ቆይቷል። ማንም አይገባበትም።»

«ማን በጨለማ ይደናበራል» ብዬ በሩን ራሴ ዘጋሁት።

*

የኮሪደሩ ጥበቃ ጥሩ ወሬ ሰጠን። የፀጉር ሠሪዋ ወንድም ትናንት ከሰዓት እዚያው ቆሞ ሲጮህ ነበር። «ይሄን መስታወታችሁን እኔ ራሴ ነው የማነሳላችሁ» ብሏል። ከዚያ በኋላ ያየው የለም።

«ይኸውልሽ» አልኳት ሳጅኗን።

እህቱ የተኛችበት ክፍል ሌላ ጥበቃ አስቆመኝ። ቦርሳዬን ከፍቼ መታወቂያዬን ሰጠሁት። አገላብጦ አየው፣ እኔን አየ፣ እንደገና ካርዱን አየ።

«ጌታዬ፣ ይቺ ሴት ናት።»

ተቀብዬ ዓይኔን ጨፍኜ ገልጬ አየሁት። የባለቤቴ የስፖርት ቤት ካርድ ነው። ፎቶዋ ላይ ፀጉሯን አስይዛ ፈገግ ብላለች። መነጽር ግዛ ስትለኝ ገና ነኝ እያልኩ ስንት ጊዜ አልፏል፤ ጠዋት እሷ የረሳችውን ካርድ የኔ መስሎኝ ቦርሳዬ ከትቼ ወጥቻለሁ። ሳጅኗ በዚህ ጊዜ ፊቷን አላዞረችም፣ ፊት ለፊቴ ነው የሳቀችብኝ። መታወቂያዬን ፈልጌ ሰጠሁትና ገባሁ፤ ከማፈሬ ብዛት ቁጣዬ ጨመረ። የምወጣበት ሰው ነው የምፈልገው።

ፀጉር ሠሪዋ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ የጎረቤቷን በሽተኛ ፀጉር ትጎነጉናለች። ቀኝ አንጓዋ በፋሻ ተጠቅልሏል፣ ጣቶቿ ግን አያርፉም።

«ነገ ለሚቆረጥ እጅ ዛሬ ሥራ ታበዢበታለሽ?» አለቻት ጎረቤቷ።

«ነገ ሥራ ስለሚፈታ ነዋ» አለች። ጎረቤቷ ሳቀች። እሷ አልሳቀችም።

ወንድምየው እግርጌዋ ቆሟል። የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ትከሻው በሩን ይሞላል።

«ትናንት ከዚህ ወጥተህ የት ሄድክ?» አልኩት።

«ሥራ ነበረኝ።»

«የት?»

 እህቱን በቆረጣ አያት።

«ያለህበትን ካልተናገርክ የነበርክበትን እኔ እነግርሃለሁ። ላቦራቶሪ ነበርክ።»

«አልነበርኩም።»

«ታዲያ የት?»

«ውጭ ወጥተን ልንገርዎት።»

እዚህ ላይ ነው ማቆም የነበረብኝ። ሰውየው ውጭ ልንገርዎት እያለኝ ነው። እኔ ግን ጠዋት ያልተጨበጠ እጄ፣ የባለቤቴ ፎቶ፣ የሳጅኗ ሳቅ፣ ሁሉም ተደማምሮ ደሜን አፍልቶታል። ካቴናዬን አውጥቼ እህቱ ፊት አሰርኩት።

«የምትናገረው እዚሁ ነው» አልኩት። «ንጹሕ ሰው ከእህቱ የሚደብቀው የለም።»

ፀጉር ሠሪዋ የያዘችውን ጉንጉን ለቀቀች። ወንድምየው የታሰሩ እጆቹን ቁልቁል አየና ድምፁ እንደ ሕፃን ቀጠነ።

«ሰው ሠራሽ እጅ የሚሠሩበት ቤት ሄጄ ነበር» አለ። «ልኳ የሚሆን እጅ አላቸው ወይ ብዬ ለመጠየቅ።»



«አይቆረጥም፣ እኔ እያለሁ ማንም አይነካሽም ስትለኝ አልነበር?» አለችው እህቱ።

«እልሽ ነበር።»

«ትናንትም ብለኸኛል።»

«ትናንትም ብዬሻለሁ» አለና አለቀሰ፣ ያ ሁሉ ትከሻ። እንባውን እንዳይጠርግ እጁን ያሰርኩት እኔ ነኝ።

ሳጅኗ ኮሪደር ወጥታ ደወለች። ተመልሳ በጆሮዬ «እውነቱን ነው፤ ማታ እስኪዘጉ እዚያው ነበር» አለችኝ። ካቴናውን ስፈታ ቁልፉ ቀዳዳው አልገባልኝ አለ፤ ያለ መነጽር አይታየኝም። ሳጅኗ ከእጄ ነጥቃ ፈታችው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ይቅርታ ልለው አፌን ስከፍት፣ ጀርባውን ሰጠኝ።

*

ፒክስልን ላቦራቶሪው ውስጥ ብቻውን አገኘነው። በሩን ዘጋሁና ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

«ጆሮህ ለምን ቀላ ጠዋት?»

ብዙ አልለፋሁም። «አልቆለፍኩትም» አለ። «ስልክ ተደውሎልኝ ወረድኩ፤ እንደወጣሁ ቀረሁ። ፕሮፌሰሩ ቀድመውኝ የወጡ መስሎኝ ነበር። አፍሬ ነው የዋሸሁት።»

«እኔም ዛሬ የማፍረው ሞልቶኛል፣ አይዞህ። ሌላ የደበቅከኝስ?»

ጣቶቹን አፋተገ። ኮምፒውተሩን ከፈተ።

«የፀጉር ሠሪዋን ፎቶ ጠዋት አየሁት። መስታወቷ ቢሰረቅም ፎቶዋ ፕሮግራሙ ውስጥ አለ። እዩት። እነዚህ ክብ ክብ ቀይ ነገሮች የደም ህዋሶች ናቸው። የማንም ሰው ቀይ የደም ህዋስ ስፋቱ ያው ነው፣ የኔም የእርስዎም፤ ሰባት ማይክሮን ገደማ፣ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው። ፕሮግራሙ ግን የሷን ሦስት ተኩል ብሎ ለክቶታል።»

«ማነሱ በሽታ ነው?»

«በሽታ አይደለም። ልኩ ነው የተሳሳተው። ፕሮግራሙ ሌንሱን ባለ አርባ ብሎ ነው የቆጠረው፤ ፎቶው የተነሳው ግን በባለ ሃያ ነው። ስለዚህ ስፋቱን ሩብ አድርጎ አየ። ሩብ ቦታ ውስጥ ያን ያህል ህዋስ ሲያገኝ፣ ቁጥሩ አራት እጥፍ ወጣ። ስክሪኑ ቀላ።»

ሳጅኗ ቀድማኝ ገባት። «ልጅቷ ክፉ ዕጢ የለባትም ማለት ነው?»

«በፎቶው ከሆነ የለባትም። ግን ፎቶው የአንድ ጥግ ነው። እርግጠኛ ለመሆን መስታወቷ መታየት አለባት።»

«ፕሮግራምህ ዝም ብሎ ነው የሚሳሳተው?»

ይህ ነካው። «አይሳሳትም። ይጠይቃል። ሁልጊዜ ሲከፈት ይጠይቃል።» ዘግቶ መልሶ ከፈተው። ስክሪኑ ላይ አንድ ሳጥን ብቅ አለ፤ በደቃቁ «የሌንስ ልክ፦ 40» ይላል፣ ከሥሩ ትልቅ ቁልፍ አለ። ቁልፉ ላይ የተጻፈው «ልክ ነው» ነው።

«ያን ሰሞን ባለ አርባው ሌንስ ተሰንጥቆ በባለ ሃያ ቀየርኩት» አለ ፒክስል። «ለፕሮፌሰሩ ነግሬያቸዋለሁ። እሺ ብለውኛል። ሳጥኑ ሲመጣ ቁጥሩን መለወጥ ነበረባቸው። ግን ሰው ቁጥሩን አያነብም፣ ልክ ነው የሚለውን ተጭኖ ያልፋል። ይሄን ቃል እዚያ ላይ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ይሁን ማለቴ ነበር፤ እሳቸው ግን ልኩን እያረጋገጡልኝ ነበር።»

ቀዳጅ ሐኪሙ ዘንድ ደወልኩ። ነገሩን ሳልጨርስ አቋረጠኝ።

«እኔ በአንድ ወጣት ወሬ የፕሮፌሰሩን ፊርማ አልሽርም። ወይ መስታወቱን አምጡ፣ ወይ እሳቸው ሪፖርታቸውን ያንሱ። ደግሞ ጠዋት ራሳቸው ደውለውልኝ ነበር፤ ጥርጣሬ ቢኖራቸው ይነግሩኝ ነበር።»

«ምን አሉዎት?»

«ምንም። ሰላም ተባባልን፣ የእርስዎ ዓይን ባይኖር ምን ይውጠን ነበር አልኳቸው፣ ተዘጋ።»

ፕሮፌሰሩ ቢሮ ደወልኩ። ፒክስል ያሳየኝን ነገርኳቸው። 

«ሪፖርቴ ልክ ነው» አሉ።

*

ቤታቸው ስንሄድ ልጃቸው በሩን የከፈተችልን ሕፃኑን ትከሻዋ ላይ ጋደም አድርጋ ነው።

«አባዬ ትናንት ከኔ ጋር ነበር» አለች፣ ገና ሳልጠይቃት። «ከሥራ ወጥቶ በቀጥታ ነው የመጣው። በመኪናው።»

ግቢው ውስጥ የቆመውን መኪና አየሁት። ጎማው ተንፍሷል፣ መስታወቱን ቅጠል ሞልቶታል።

«በዚህ ጎማ?» አልኳት።

«በታክሲ ማለቴ ነው።»

«ዶክተር፣ ነገ ጠዋት የአንዲት ልጅ እጅ ይቆረጣል። ናሙናዋ የታየው እርስዎ በወለዱበት ሰሞን ነው። ሌንሱ ተቀይሮ ነበር።»

አላወቀችም ነበር። ፊቷ ላይ ያየሁትን ሰው አስመስሎ ሊሠራው አይችልም። ቀስ ብላ ተቀመጠች። ሕፃኑ ማልቀስ ጀመረ፣ እሷ አላባበለችውም።

«ቀይ ነው ያለው?» አለች።

«ቀይ።»

«በምን ዓይኔ አየዋለሁ» አለች ለራሷ። ማንን እንደሆነ አልገባኝም፤ አባቷን ይሁን፣ ሕፃኑን ይሁን። ከዚያ ቀና አለች። «ከዚህ በላይ አትጠይቁኝ። አባቴ ነው። ብቻ ሰው ፊት አታሳፍሩብኝ።»

መኪና ውስጥ ገብተን ሳጅኗ ሞተሩን አላስነሳችም።

«ምን እያሰብሽ ነው?» አልኳት።

«የባለቤትዎን ካርድ። ያ ጥበቃ ካርዱን አይቶ ሴት ናት አለ አይደል?»

«እሺ፣ ሳቂብኝ።»

«እየሳቅኩ አይደለም። ጠዋት ፕሮፌሰሩም ያን ካርድ ነው ያዩት። ጠጋ አድርገው። ልክ ነው ብለው አሳለፉዎት።»

ጠዋቱን አንድ በአንድ መለስ ብዬ አሰብኩት። የዘረጋሁት እጅ። ኩራት ያልኩት ነገር። አንዷን መስታወት መርጦ ማውጣት አቅቶት መሳቢያውን በሞላ የተሸከመ ሰው። ማንም የማይገባበት፣ አምፖል የሌለው ክፍል፤ በሩን በገዛ እጄ የዘጋሁት።

«ንጂ» አልኳት።

*

ሰው ፊት አታሳፍሩብኝ ብላናለች። ስለዚህ ሳጅኗን ውጭ አስቀርቼ ብቻዬን ገባሁ። እንደዚያም ሆኖ የሠራሁት ሥራ እስከ ዛሬ አይዋጥልኝም።

«ፕሮፌሰር፣ ጠዋት የሰጡኝን ቃል ጽፌዋለሁ። ያንብቡትና ልክ ከሆነ ይፈርሙልኝ።»

ወረቀቱን ተቀበሉ። ወደ መስኮቱ ዘንበል አደረጉት። ጭንቅላታቸውን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከግራ ወደ ቀኝ እያንቀሳቀሱ ወረዱ። አነባበባቸው ያምራል። መጨረሻው ላይ ሲደርሱ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ልክ ነው» አሉና ፈረሙ።

«ወረቀቱ ባዶ ነው» አልኩ።

እስክሪብቶው እጃቸው ላይ ቀረ። ከአንገታቸው ጀምሮ እስከ ሽበታቸው ሲቀሉ አየሁ። እኔም ፊቴ ነደደ።

«እንደዚህ ማድረግ ነበረብህ?» አሉኝ። «እርስዎ» ቀርቷል።

«ሌላ መንገድ ነበር። አላሰብኩበትም። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

 በጣቶቻቸው የጠረጴዛውን ጠርዝ እየዳበሱ ተናገሩ።

«መሃሉ ጠፋብኝ። ዳር ዳሩን አያለሁ፤ የማተኩርበት ነገር ነው የሚጠፋው። ፊትህ የለም፣ ጆሮህ አለ። ልጄ ዓይኔ ሆነች። ጠዋት ጠዋት ልኩን ታስተካክላለች፣ የምታየውን ትነግረኛለች፣ እኔ ቀለሙን አይቼ እፈርማለሁ። ከዚያ ወለደች። ለጥቂት ቀን ብቻዬን እወጣዋለሁ አልኩ። ያ ሳጥን ሲመጣ ቁልፉ የት እንዳለ እጄ ያውቀዋል። ተጫንኩት።»

«መሳሳትዎን መቼ አወቁ?»

«ወንድምየው ይታይልኝ ሲል። ሌንሱ መቀየሩ ትዝ አለኝ። መስታወቱ ቢሄድ በአንድ ደቂቃ ያውቁታል፤ ከዚያ እንዴት ይሄ ሰው ይሄን ይስታል ይላሉ። ፒክስል በሩን ሳይቆልፍ ሲወርድ ገባሁ። የሷን መለየት አልቻልኩም። ሁሉንም አነሳሁት።»

«እጇ ነገ ሊቆረጥ ነው እኮ።»

«አውቃለሁ።»

«ዝም ሊሉ ነበር?»

«ዛሬ ጠዋት ሐኪሙ ዘንድ ደወልኩ። ልነግረው ነበር። የእርስዎ ዓይን ባይኖር አለኝ። ዘጋሁት።» ድምፃቸው ተሰበረ። «ከሰዓት እነግረዋለሁ አልኩ። አንተ ደወልክ፣ ልክ ነው አልኩህ። ከአፌ የሚወጣው ሌላ ቃል ጠፋ። እኔ ዓይኔን ብቻ አይደለም ያጣሁት።»

ተነስተው ቀደሙኝ። ወደ አሮጌው ክፍል ገባን። ሁለት እርምጃ ሳልሄድ ጉልበቴን አንድ ነገር መታኝ።

«ተጠንቀቅ፣ በግራህ ወንበር አለ» አሉኝ በጨለማው ውስጥ። «ወጣት ሳለሁ ፊልም የማጥበው እዚህ ነበር።» ከአሮጌው መታጠቢያ ሥር ብረት ሲንሸራተት ሰማሁ። መሳቢያውን አምጥተው ደረቴ ላይ አስደገፉልኝ።

መስታወቷን ሳጅኗ ራሷ ይዛ ወደ ሌላኛው ሆስፒታል በረረች። ፀሐይ ሳትጠልቅ መልሱ መጣ፤ ዕጢው ክፉ አይደለም፣ ቦታው ላይ ተቆርጦ ይወጣል፣ እጁ አይነካም። ቀዳጅ ሐኪሙ የነገውን ሰረዘ። ፕሮፌሰሩ ሪፖርታቸውን ያነሱት ግን ከዚያ በፊት ነው፤ መልሱን ሳይጠብቁ፣ ስልኩን እኔ ደውዬላቸው፣ ዓይኔ አያይም ብለው በራሳቸው አፍ ነግረውታል።

ጣቢያ ልወስዳቸው ግድ ነው። ደረጃው ላይ ግን ቆሙ።

«መጀመሪያ ፀጉር ሠሪዋ ጋ ውሰደኝ» አሉኝ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ «በምን ዓይኔ ልያት?» አሉ። ሰው ሲያፍር የሚለው ቃል ነው፤ እሳቸው ሲሉት ግን ክንዳቸውን ይዤ መራኋቸው።

ወንድምየው በሩ ላይ አገኘን። ቀድሜ ተናገርኩ፤ እህትህ ፊት ያዋረድኩህ እኔ ነኝ፣ ይቅርታዬንም እሷ ፊት ነው የምጠይቅህ አልኩት። አየኝ፣ አየኝና ከበሩ ዞር አለልን። ይቅር አላለኝም። መብቱ ነው።

ፕሮፌሰሩ አልጋው አጠገብ ቆመው ሁሉንም ነገሯት። ቁልፉን፣ ሌንሱን፣ መሳቢያውን፣ የጠዋቱን ስልክ። አንዱንም አላሳመሩላትም። ስታዳምጥ ከንፈሯን ነክሳ ነበር።

«ዝም ቢሉ ኖሮ ነገ ይሄኔ እጄ አይኖረኝም ነበር» አለች።

«አይኖርሽም ነበር።»

«ከኔ ይልቅ ስምዎ በለጠብዎት?»

«አዎ» አሉ። «በለጠብኝ።»

 እንባቸው ጋዋናቸው ላይ ይንጠባጠባል፣ አይጠርጉትም። ሊወጡ ዞሩና የአልጋው ብረት አደናቀፋቸው። እጃቸው አየር ላይ ሲዳብስ ፀጉር ሠሪዋ ተወርውራ ያዘቻቸው። ቀጥ እስኪሉ አልለቀቀቻቸውም።

እሳቸው ፊታቸውን ወደ ድምፅዋ አዘነበሉ።

«ልጄ፣ የትኛው እጅሽ ነበር?»

«የያዙት ነው፣ አባባ» አለቻቸው።